ዶሮውንም ጎመኑንም አይተዉ፤ የሚገናኙበትን ጊዜ ይለዩላቸው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ደብረ ማርቆስ ዳር ላይ 200 ካሬ ሜትር ያህል ጓሮ አላቸው። አምስት የአበሻ ዶሮዎች ነበሯቸው፤ በጥር ወር 12 የ45 ቀን ጫጩቶች ገዝተው ጨመሩ። ለፋሲካ ከገበያ ያመጡት አውራ ዶሮ ከሌሎቹ ጋር ባደረ በሳምንቱ ገደማ ዶሮዎቹ ክንፋቸውን ጣሉ፣ አረንጓዴ አስቀመጣቸው፣ የአንዳንዶቹም አንገት ተጠማዘዘ። ነጭ ሽንኩርትና አረቄ ቢያጠጡም ከ18ቱ 12ቱ አለቁ። ከዚያ በፊት ዶሮዎቹ ጎመኑንና ቆስጣውን ጨርሰውት ነበር፤ ኩሱን ሰብስበው የጨመሩለት ሰላጣም ቅጠሉ ተቃጥሎ ደረቀ። «ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም ይሆን? አንዱን ልተው? የተረፉትን ስድስቱንስ ምን ላድርጋቸው?» ይላሉ።

እህቴ፣ «ዶሮ ካለቀ በኋላ ጠዋት የባዶ ቆጥ በር መክፈት ይከብዳል» ትል ነበር እናቴ። እነማይ ውስጥ ዶሮ ስታረባ፣ ልጅ ሆኜ፣ በአንድ ሳምንት ቆጡ ባዶ ሲቀር አይቻለሁ። ወደዚህ የማማከር ሙያ ከገፉኝ ነገሮች አንዱ እሱ ነው። ስለዚህ መልሴ ረዘም ቢል ይታገሡኝ።

ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ይቻላል። እንዲያውም በደጋው ጎጃም ለጓሮ አትክልት ከዶሮ የተሻለ ጎረቤት አላውቅም። የደረሰብዎትን ሦስት ጉዳት ሳየው ሥሩ አንድ ነው፤ ነገሮቹ ያለ ጊዜያቸው ተገናኝተዋል። የገበያው አውራ ለብቻው ሳይቆይ ከቤት ዶሮዎቹ ጋር አደረ፤ ኩሱ ሳይበሰብስ ሰላጣው ሥር ገባ፤ ዶሮዎቹም ጎመኑ ሳይጠና መደቡ ላይ ወጡ።

ከሞቱ ልጀምር፤ እሱ ካልተስተካከለ ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። የዘረዘሩት ምልክት በሙሉ ፈንግልን ይመስላል። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ ነው። ዶሮዋ ውስጥ ከገባ በኋላ ብዙውን ጊዜ በአምስት በስድስት ቀን፣ አንዳንዴም እስከ 15 ቀን ቆይቶ ራሱን ያሳያል። «በሳምንቱ ገደማ» ያሉት ከዚህ ጋር ይገጥማል። በበዓል ሰሞን ከየቀበሌው የመጡ ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ ገበያ ላይ ተደባልቀው ይውላሉ፤ ቤቱ ዶሮ መታመም የጀመረበት ሰውም ሳይሞትብኝ ብሎ ቶሎ ያወጣል። አውራው ሲገዛ ጤነኛ ይመስል ነበር፤ በሽታውን ግን ይዞት መጥቷል ብዬ እገምታለሁ።

ነጭ ሽንኩርትና አረቄ ማጠጣት በእኛ አገር የቆየ ልማድ ነው፤ ሎሚም ፌጦም የሚሰጥ አለ። ዶሮዋን ሲያነቃቃት ታይቶ ይሆናል፤ ቫይረሱን ግን አይገድለውም። ከዚህ የባሰው ከመድኃኒት ቤት የሰው እንክብል ገዝቶ በውኃ በጥብጦ መስጠት ነው። ቴትራሳይክሊን ለፈንግል ምንም አይሠራም፤ በዚያ ላይ የመድኃኒቱ ቅሪት እንቁላሉ ውስጥ ገብቶ ልጆችዎ ይበሉታል። ይህን በብርቱ እቃወማለሁ።

ለፈንግል ያለው መላ አስቀድሞ መከተብ ብቻ ነው። ክትባቱ አገር ውስጥ፣ ቢሾፍቱ ላይ ይመረታል። ጫጩት ቤት ውስጥ ካስፈለፈሉ በመጀመሪያው ሳምንት ኤች ቢ ዋን የሚባለው በዓይን ጠብታ ይሰጣል፤ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ላ ሶታ ይከተላል፤ ከዚያ በኋላ በየሦስት አራት ወሩ ይደገማል። አይ ቱ የሚባለው ደግሞ ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ ስለሚቋቋም መብራትና ማቀዝቀዣ ለራቃቸው የገጠር ቀበሌዎች ተመራጭ ነው። የ45 ቀን ጫጩት ሲገዙ ሻጩን «ምን ምን ተከትበዋል? በስንት ቀናቸው?» ብለው ይጠይቁ፤ በጽሑፍ ያልሰጠዎትን እንዳልተከተበ ይቁጠሩት። እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የአንድ አሳዳጊን ቃል ብቻ አምኜ ለአንዲት እናት 30 ጫጩት አስገዝቻቸው፣ በሁለት ወር ውስጥ አራት ቀርተውላቸዋል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰዎች «አስከትቤ ነበር፤ ግን ሞቱ» ሲሉኝ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ውኃው ላይ ነው። በውኃ የሚሰጠው ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሆነ የከተማ ቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ይገድለዋል። የምንጭ ወይም ንጹሕ የዝናብ ውኃ ይጠቀሙ። ቧንቧ ብቻ ካለዎት በአንድ ሊትር 2 ግራም ያህል ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት አስቀድመው ይበጥብጡበት፤ ክሎሪኑን ያከሽፈዋል። ዶሮዎቹ ሁለት ሰዓት ያህል ተጠምተው ይቆዩ፤ ከዚያ ክትባቱን በአንድ ሰዓት በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱ። ከእንስሳት ክሊኒክ ወደ ቤት ሲያመጡትም በረዶ ባለበት ፔርሙስ ይሁን፤ በኪስ ወይም በዘንቢል ይዘውት በፀሐይ ከመጡ ቤት የደረሰው ውኃ ነው።

አንድ ጠርሙስ ለመቶና ከዚያ በላይ ለሆኑ ዶሮዎች የሚበቃ ስለሆነ ለስድስት ዶሮ ማስከፈት ያሳዝናል። ለዚህ ነው ጎረቤት የሚያስፈልገው። በዕድርዎ ወይም በማኅበርዎ ቀን ይቁረጡና የአካባቢው ዶሮ ሁሉ በአንድ ጠዋት ይከተብ። የጎረቤት ዶሮ ሳይከተብ የእርስዎ ብቻ ቢከተብ አጥር የማያቆመው በሽታ ደጅዎ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ጎጃም ውስጥ ፈንግል ብዙ ጊዜ የሚበረታው ክረምቱ ሊገባ ሲል ስለሆነ ከሚያዝያ በፊት መከተብ ይመረጣል። ዘንድሮ ያ አልፏል።

አሁን ቤቱን ያጽዱ። የሞቱትን ገና ካልቀበሩ ውሻ በማያወጣው ጥልቀት ቀብረው ኖራ ወይም አመድ ያልብሱባቸው። ወለሉ ላይ ያለውን ገለባ ጠርገው ያቃጥሉ፤ ግድግዳውንና ቆጡን በሳሙና አጥበው በበረኪና ይርጩ፤ ከደረቀ በኋላ ኖራ ይቀቡት። ከዚያ የተረፉትን ስድስቱን በሌላ ጥግ እያሳደሩ ቤቱን ባዶ ይተዉት። ቢያንስ አንድ ወር፤ ከቻሉ ደግሞ እስከ ጥቅምት። ለምን ጥቅምት እንዳልኩ ከታች እመለስበታለሁ። ወደፊት ደግሞ ለማረድ የገዙት ዶሮ ቆጥ ላይ አንድ ሌሊትም አይደር፤ ላባውም አንጀቱም የታጠበበትም ውኃ ጓሮ አይፍሰስ፣ ይቀበር። ለማርባት የገዙት ከሆነ በሌላ ጥግ፣ በራሱ የውኃ ዕቃ ሦስት ሳምንት ይቆይ፤ እሱን የሚመግቡትም ከሌሎቹ በኋላ ይሁን።

ስለ ኩሱ ልምጣ። የዶሮ ኩስ ከከብት ፍግ በጣም ይበረታል፤ ናይትሮጅኑ ብዙ ነው፣ ትኩስ ሆኖ ደግሞ አሞኒያ ያወጣል። ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ እሱ ነው። የሰላጣዎን ሥር ያቃጠለውም ይኸው ነው። ሌላም ነገር አለበት፤ ትኩስ ኩስ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። በጾም ሰላጣ በየቀኑ ገበታ ላይ የሚቀርብበት ቤት ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትኩስ ኩስ በነካው መደብ ላይ ጥሬውን የሚበላ ነገር ቢያንስ ለ4 ወር አይሰብስቡ። አሁን እዚያ ላይ ድንች ወይም በቆሎ ቢያደርጉበት ጥሩ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከመሬት ከፍ ባለ፣ የዝናብ ጎርፍ በማያልፍበት ቦታ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ስፋት ይከልሉ። በእንቅብ ይለኩ፤ ለአንድ እንቅብ ኩስ ሦስት እንቅብ የደረቀ ነገር፣ ማለትም የስንዴ ገለባ፣ የጤፍ ጭድ፣ የተከተፈ የበቆሎ አገዳ፣ የደረቀ ቅጠል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን አይብዛበት፤ ሳይበሰብስ ይቆያል። እያነባበሩ ውኃ ያርከፍክፉበት፤ ጨብጠው ሲጨምቁት እጅን ማርጠብ እንጂ ማንጠባጠብ የለበትም። ክምሩ ቢያንስ አንድ ሜትር ከፍ ይበል፤ ከዚያ ካነሰ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ብርዱ ያቀዘቅዘውና ሙቀት አይይዝም። መሐሉ ላይ ረጅም ዘንግ ይሰኩ። በሳምንቱ ነቅለው ሲነኩት ለእጅ የሚከብድ ትኩሳት ካለው ክምሩ እየሠራ ነው፤ ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሲደርስ የአረም ዘሩም የበሽታው ተሕዋስም ይሞታል። ዘንጉ ቀዝቃዛና ደረቅ ከወጣ ውኃ ይጎድለዋል፤ ቀዝቃዛና የሚሸት ከወጣ ውኃ በዝቶበታል ወይም ገለባ አንሶታል። በየሦስት ሳምንቱ የውጩን ወደ ውስጥ ይገልብጡ። ክረምቱን በላስቲክ ወይም በሣር ይሸፍኑት፤ ያለዚያ ኃይሉ በሙሉ ከዝናቡ ጋር ወርዶ የጎረቤት ቦይ ይገባል። ሦስት ወር፣ በብርድ ደግሞ አራት ወር ይስጡት። ጥቁር፣ የሚፈረፈርና የአፈር ሽታ ያለው ሲሆን ደርሷል፤ በአንድ ካሬ ሜትር መደብ አንድ ኪሎ ያህል ይበቃል።

አመድ ከኩሱ ጋር አያደባልቁ። ብዙ ሰው ሽታውን ያጠፋል ብሎ ይነሰንስበታል፤ ሽታው የሚጠፋው ግን አሞኒያው፣ ማለትም ማዳበሪያው ራሱ፣ ተንኖ ስለሚሄድ ነው። አመዱን ለመሬቱ ያቆዩት። የእርስዎ ቀይ አፈር፣ ከጎዛምን ጀምሮ እስከ ባንጃ ድረስ እንዳለው አብዛኛው ቀይ አፈር፣ አሲዳማ ሳይሆን አይቀርም። ጎመን ፍግ እያገኘም ድንክዬ ሆኖ ቅጠሉ ወደ ሐምራዊ ሲያደላ ያዩበት ከሆነ ምልክቱ ያ ነው፤ አሲዱ ፎስፈረሱን አስሮ አይሰጠውም። ኖራ ካገኙ ጥሩ፤ ካላገኙ የእንጨት አመድ በካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ በትነው ይኮትኩቱት፤ ብስባሹን ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይጨምሩ። ይህን የሚያነቡ የቢቸናና የደጀን ሰዎች ግን አመድ ለማብዛት አይቸኩሉ። የእነሱ ጥቁር መረሬ ችግሩ ውኃ መቋጠር ነው፤ መደቡን አንድ ስንዝር ተኩል ከፍ አድርገው ቦይ ቢያወጡለት ይሻላቸዋል።

ዶሮ መጫር ተፈጥሮዋ ነው፤ ጎመን በላችብኝ ብለው ቢገርፏት አይገባትም። ጓሮውን ለሁለት ይክፈሉት። በአንዱ ወገን አትክልት፣ በሌላው ዶሮ፤ መሐሉ ላይ የዶሮ ቤቱ፣ ለሁለቱም ወገን በር ያለው። አትክልቱ ተሰብስቦ ሲያልቅ በሮቹን ይቀይሩ። ዶሮዎቹ የተረፈውን ቅጠል፣ የአረሙን ዘር፣ አፈር ውስጥ ያደፈጠውን ቆራጭ ትል ለቅመው፣ መሬቱን ጭረውና ኮትኩተው ያስረክቡዎታል። በየአራት አምስት ወሩ እንዲህ ቢያፈራርቁ የዶሮው ጥገኛ ትልም ይቀንሳል። የረገጡትንና ኩስ የጣሉበትን ወገን ሲረከቡ መጀመሪያ በቆሎ፣ ድንች ወይም ዱባ ይዝሩበት፤ ሰላጣና ካሮት ከአራት ወር በኋላ ይምጡ። አጥሩ ከአጠናም ይሁን ከእንጅባራ በሚመጣው ቀርከሃ፣ ከሰው ቁመት ብዙ ባያንስ ይሻላል። የአበሻ ዶሮ ስለምትበር የአንድ ክንፏን ረጃጅም ላባ ጫፍ ይከርክሙ፤ የሁለቱንም ከከረከሙ ሚዛኗን ጠብቃ ትዘላለች።

ቤቱን በተመለከተ ብዙ አልልም። ለ12 ዶሮ ሦስት ካሬ ሜትር፣ ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ቆጥ፣ ለአምስት ዶሮ አንድ መጣያ ሳጥን፤ ከጣሪያው ሥር የአየር መውጫ፣ በእሱም ላይ ሸለምጥማጥ የማያሳልፍ ጠንካራ ሽቦ። ወለሉ ላይ አንድ ጋት ያህል ጭድ ወይም ሰጋቱራ ያንጥፉ። አንዲት ዶሮ በቀን ከ100 ግራም በላይ ኩስ ትጥላለች፤ ግማሹን ያህል ሌሊት ቆጥ ላይ። ስለዚህ 12 ዶሮ በዓመት ከቆጥ ሥር ብቻ ከ200 ኪሎ በላይ ትኩስ ኩስ ይሰጥዎታል። ለእርስዎ መደቦች ይበቃል፤ ማዳበሪያ መግዛት አይጠበቅብዎትም።

መኖን በተመለከተ ጎጃም የታደለ አገር ነው፤ ኑጉ ከእኛው ነው። መቶ ኪሎ ለማዘጋጀት 50 ኪሎ የተከካ በቆሎ፣ 17 ኪሎ ፉርሽካ፣ 25 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው)፣ ሰባት ኪሎ ተኩል የተፈጨ የኖራ ድንጋይ፣ ግማሽ ኪሎ ጨው ያደባልቁ። ይህ እንቁላል ለጀመሩት ነው፤ ለጫጩትና ለቄብ ያን ያህል የኖራ ድንጋይ ኩላሊት ይጎዳል። ከፋጉሎው ላይ አምስት ስድስት ኪሎ ቀንሰው በተቆላ አኩሪ አተር ቢተኩት እንቁላሉ ይጨምራል፤ ሳይቆላ ግን አይስጡ። እንቁላል የምትጥል ዶሮ በቀን 110 ግራም ያህል ትበላለች፤ የዚያን እጥፍ ውኃ ትጠጣለች፤ ውኃው አንድ ከሰዓት ቢጠፋ በማግስቱ እንቁላሉ ይነግርዎታል። የጎመኑን የታችኛው ቅጠል በገመድ አስረው ከራሳቸው ከፍ አድርገው ይስቀሉላቸው፤ አስኳሉ ቢጫ ይሆናል። የሻገተ በቆሎ፣ አረንጓዴ የሆነ የድንች ልጣጭ፣ የአቮካዶ ልጣጭ፣ ጥሬ ቦሎቄ፣ ለዘር በመድኃኒት የታሸ እህል አይቅረባቸው። ጎመኑ ክሽክሽ ሲይዘው የተባይ መርዝ ከመርጨት የሳሙና ውኃ ያርከፍክፉበት፤ ዶሮ ያለበት ጓሮ ውስጥ መርዝ ባይገባ ነው የምመርጠው።

ጥቅምት ያልኩት ለዚህ ነው። በክረምት ጭቃ አዲስ ጫጩት ማሳደግ ከብርድ፣ ከእርጥበትና ደም ከሚቀላቅለው ተቅማጥ ጋር መታገል ነው። ከአሁን እስከ መስከረም ቤቱ ይረፍ፣ ክምሩ ይብሰል። መስከረም መጨረሻ ላይ ብስባሹን ለጎመን፣ ለካሮትና ለቀይ ሥር መደብ ያውጡ። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ የ45 ቀን ቄቦች ቢገዙ በየካቲት መጣል ይጀምራሉ። ዐቢይ ጾም ላይ እንቁላል ገዢ ያጣል፤ ያን ጊዜ የሚወጣው የመጀመሪያው ትንንሽ እንቁላል ነው። ለፋሲካ ገበያው ሲነሳ እነሱም በሙሉ ኃይላቸው ላይ ይሆናሉ። ዝርያውን ከጠየቁኝ ለጓሮ ኮይኮክን እመርጣለሁ፤ ቦቫንስ ብራውን ጥሩ ሲያዝ በዓመት 300 ያህል ይጥላል፤ ነገር ግን መኖው ሲጓደል ቶሎ ይከዳል። የአበሻዋ ከ40 እስከ 60 ብቻ ብትጥልም ማቀፍ ታውቃለች፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ ልጆቿን መሰብሰብም ታውቃለች።

የተረፉትን ስድስቱን ማረድ የለብዎትም። ከበሽታው የተረፈ ዶሮ ለጊዜው ከዚያው በሽታ ይጠበቃል፤ ቫይረሱን ግን ለሳምንታት በኩሱ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ እስከ ሐምሌ ድረስ ከግቢ አይውጡ፣ አይሸጡ፣ ለዘመድም አይሰጡ፤ ኩሳቸውንም ከአትክልቱ ክምር ለይተው ይቅበሩት። ከጎረቤቶችዎ ጋር በመስከረም ስታስከትቡ እነሱም አብረው ይከተቡ። ከተረፉት ውስጥ አራቱ የአበሻ እናቶች ግን ወርቅ ናቸው። አዲሶቹን ቄቦች በሙሉ መግዛት ካቃተዎት፣ በጥቅምት አንዷ ማቀፍ ስትፈልግ አውራ ካለውና ዶሮዎቹን ካስከተበ ጎረቤት፣ ከተጣለ ከሳምንት ያልበለጠ አሥር እንቁላል ይውሰዱና ማታ ያስታቅፏት። በሰባተኛው ቀን ሌሊት እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ፤ የደም ሥር የማይታይበትን ያውጡ፤ የቀሩት በ21ኛው ቀን ይፈለፈላሉ። የጠብታውን ክትባት ከመፈልፈላቸው በፊት ቀጠሮ ያስይዙ።